ቪክቶሪያና ሎርድ ሜልበርን፦ ድራማው የጨመረው የቱን ነው?

ጥያቄ፦ የእንግሊዙ አይቲቪ «ቪክቶሪያ» በሚለው ተከታታይ ድራማ ላይ ወጣቷ ንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሯን ሎርድ ሜልበርንን አፍቅራ ቤቱ ድረስ ትሄዳለች። እውነት ነው? ያን ጊዜስ ከአገራችን ጋር የሚያገናኛት ነገር ነበር? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቤቱ ሄዳ ፍቅሯን የገለጸችበት ትዕይንት ፈጠራ ነው። ቅርበታቸው ግን እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1837 ስትነግሥ 18 ዓመት ከሞላት ወር አልሆናትም፤ ሜልበርን 58 ዓመቱ ነበር። ድራማው ለእሱ ቦታ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ መልከ መልካም ተዋናይ መረጠና ነገሩ የፍቅር መልክ ያዘ። እሷ አባቷን ያጣችው በስምንት ወሯ ነው፤ እሱም ልጁን የቀበረው እሷ ከመንገሧ ከጥቂት ወራት በፊት ነው። እኛ የምናየው የአባትና የልጅ ፍቅር ነው።

ለዚህ ምስክሩ የዕለት ማስታወሻዋ ነው። እስከነገሠችበት ቀን ድረስ የምትተኛው እናቷ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ደረጃ እንኳ ሰው እጇን ሳይዛት አትወርድም። በነገሠችበት ጠዋት ሜልበርንን ያነጋገረችው ለብቻዋ ሲሆን፣ «ብቻዬን» የምትለዋን ቃል በትልልቅ ፊደላት ጽፋለች። አልጋዋም በዚያው ቀን ከእናቷ ክፍል ወጣ። ማስታወሻው ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንተርኔት ይገኛል። ሲያነቡ ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ልጇ ቢያትሪስ በኋላ የማይመቻትን እየቆረጠች ገልብጣ ዋናውን አብዛኛውን አቃጥላለች። እስከ 1840 መጀመሪያ ያለው ግን የንግሥቲቱን ደብዳቤዎች ያሳተመው ሎርድ ኢሸር ቀድሞ በታይፕ ስላስገለበጠው ከመቀሱ ተርፏል። ስለዚህ ስለ ሜልበርን የሚያነቡት የ1837ን፣ የ1838ንና የ1839ን የኢሸር ቅጂ ይሁን።

የ1839 የደንገጡሮች ውዝግብ ግን በእርግጥ የሆነ ነው። የዊግ ፓርቲው ሜልበርን በሜይ ሥልጣን ሲለቅ፣ የተቃዋሚው የቶሪ ፓርቲ መሪ ሮበርት ፒል በፓርላማ አብላጫ ስላልነበረው የንግሥቲቱን ድጋፍ በአደባባይ የሚያሳይ ምልክት ፈለገ። የዊግ ሚኒስትሮች ሚስቶችና ዘመዶች ከነበሩት ደንገጡሮቿ የተወሰኑትን እንድትለውጥ ጠየቀ። እሷ አንዲትም አልለቅም አለች፤ ፒል መንግሥት መመሥረቱን ተወው፤ ሜልበርንም ተመለሰ። በዚህ ጉዳይ ስህተቱ የእሷ ነበር፤ ንጉሥ ለአንድ ፓርቲ አያደላም።

ስለ አገራችን፦ ካፒቴን ሃሪስ በስሟ ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር አንጎለላ ላይ የወዳጅነትና የንግድ ውል የፈረመው ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ነው። እሷ ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ሁለተኛ ልጇን ኤድዋርድን ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበር።