ሃርለኩዊን ሽሪምፕ የየትኛው ቤተሰብ ነው?

መምህር፣ ሐዋሳ ለሚገኘው የትምህርት ቤትዎ ክበብ በሚያዘጋጁት የግድግዳ ሥዕል ላይ ሃርለኩዊን ሽሪምፕን (ነጠብጣብ ያለበትን የባሕር ሽሪምፕ) በየትኛው ቤተሰብ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዘመዶች በሚመደቡበት ክፍል፣ ሥር ላስቀምጠው፣ አንዱ መጽሐፍ ሂሜኖሴሪዴ፣ ሌላው ፓሌሞኒዴ ይላል ብለው ጠይቀዋል። ያለ ሥጋት ፓሌሞኒዴ ብለው ይጻፉ። ወደ ሐዋሳ ከመመለሴ በፊት ጅዳ ውስጥ የጌጥ ዓሣ በሚሸጥ ሱቅ ስሠራ እነዚህን እንስሳት ስንከባከብ ስለቆየሁ ነገሩን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

የቀድሞው ምደባ የቆመው በመልክ ላይ ነው። የሁለተኛው ጥንድ እግር መቆንጠጫዎች እንደ ቅጠል ጠፍጣፋና ሰፋፊ ናቸው፤ አፉን የሚከድኑት አካላትም ሰፊ ናቸው። እንዲህ ያለ ፍጡር ለብቻው ቤተሰብ ቢሰጠው አይገርምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የዘር ሐረጉ ከፓሌሞኒዴ ቅርንጫፎች መካከል የወጣ መሆኑን አሳየ። ሂሜኖሴሪዴም የቅርብ ዘመዱ ግናቶፊሊዴም በዚያው ወደ ፓሌሞኒዴ ተጠቃለሉ። በእስያ ለምግብ የሚረባው የጣፋጭ ውኃ ሽሪምፕ፣ ማክሮብራኪየም፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ዝምድና ለረጅም ጊዜ አልዋጥልኝ ብሎ ነበር።

ዝርያው ላይ ግን ክርክሩ አልተዘጋም። ተመራማሪው ዳና እ.ኤ.አ. በ1852 ሂሜኖሴራ ፒክታን፣ ሌላው ተመራማሪ ሄለር በ1861 ከቀይ ባሕር ሂሜኖሴራ ኤሌጋንስን ገለጹ። ሁለቱን አንድ የሚያደርጉ አሉ፤ የሚለያዩዋቸው ደግሞ በቀለም ነው። የፓሲፊኩ ፒክታ ነጠብጣብ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ነው፤ የኤሌጋንስ ቡናማ ሲሆን ጠርዙ ሰማያዊ ነው። ሱቃችን ውስጥ ጥንዶቹ ኮከብ ዓሣውን ተጋግዘው ገልብጠው ከክንዱ ጫፍ ጀምረው ሲበሉ፣ ያ ሰማያዊ መስመር በመብራቱ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። (ከኮከብ ዓሣ በስተቀር ሌላ ምግብ ስለማይነካ ለጀማሪ ገዢ አልመክርም ነበር፤ የሱቁ ባለቤትም በዚህ አይደሰትም ነበር።)

አልኮል ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል። ናሙና ከውጭ ካገኙ ጠርሙሱ ላይ የተገኘበት ባሕር መጻፉን አስቀድመው ይመልከቱ። ቦታው ካልተጻፈ የሁለቱ የጋራ ስም በሆነው ሂሜኖሴራ ብቻ ይተዉት፤ ዝርያውን መገመት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። በረቂቅዎ ላይ ከጎኑ ያሰለፉት ቀይና ነጭ ቀለበት ያለው ስቴኖፐስ የዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ ከፓሌሞኒዴ በላይ ካለው ሰፊ ክፍልም ውጭ ነው። እግሮቹን ይቁጠሩ፦ ስቴኖፐስ ሦስት ጥንድ መቆንጠጫ አለው፣ ትልቁም ሦስተኛው ነው። የሃርለኩዊን ሁለት ጥንድ ብቻ ሲሆን ትልቁ ሁለተኛው ነው። ስቴኖፐስን ወደ ሌላ ረድፍ ያዛውሩት።