ጎንደር ላይ የወተትና የእርጎ ባክቴሪያ ልታጠና ለጠየቀችው እኅታችን

ጥያቄሽን አነበብኩት። በጎንደር ከተማ የሚሸጠውን ጥሬ ወተትና እርጎ የባክቴሪያ ይዘት ለማስተርስ መመረቂያሽ ልታጠኚ አስበሻል፤ ስንት ናሙና እንደሚበቃና ከየት መጀመር እንዳለብሽ ጠይቀሻል። የናሙናውን ብዛት ስሌት ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ጽፈውልሻል፤ ደግሞም አማካሪሽ ያውቀዋል። እኔ ያንኑ ጥናት ጎንደር ላይ ሠርቼ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ስሌቱን ትቼ ሌላውን ልንገርሽ።

1. ከወተቱ በፊት አውቶክሌቩን (የቤተ ሙከራ ዕቃና የባክቴሪያ ምግብ በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳውን መሣሪያ) መርምሪ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ግን «15 ፒ.ኤስ.አይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል (ፒ.ኤስ.አይ የግፊት መለኪያ ነው)፤ ይህ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር የሚበልጠውን ግፊት ብቻ ነው፤ የውጭው አየር ደግሞ እኛ ጋ ስስ ነው። ስለዚህ መርፌው 15 ላይ ሲቆም የውስጡ እንፋሎት ሙቀት 117 ዲግሪ ገደማ ነው። 121 ለማድረስ መርፌው ከ18 አለፍ ማለት አለበት። መጀመሪያ ግን መሣሪያው ያን ያህል ግፊት እንዲችል የተሠራ መሆኑን አረጋግጪ፤ ካልቻለ ግፊቱን 15 ላይ ትተሽ ጊዜውን አስረዝሚ። ሙቀቱን በራሱ ለክቶ የሚቆጣጠር አዲስ አውቶክሌቭ ከደረሰሽ ዕድለኛ ነሽ፤ ይህን ተራ ቁጥር ዝለዪው።

እኔ የደረሰኝ ባለ መርፌው ነበር። ምንም ናሙና ያልነካቸው፣ ሚዲያ (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ምግብ) ብቻ የያዙ ባዶ ሳህኖች ላይ ደረቅ፣ ነጭ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ይበቅላል። ይህ ባሲለስ ነው፤ ዘሩን በጠንካራ ሽፋን ሸፍኖ ሙቀትን ተቋቁሞ የሚያልፍ ባክቴሪያ። ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ሳሳየው «እጅህን ሳትታጠብ እየሠራህ ነው» አለኝ፤ በሰው ፊት። ስለ ከፍታው ብነግረው «ይህ ማሽን ከአንተ በፊት ስንቱን አስመርቋል!» ብሎ አስወጣኝ። የተበላሸውን ሚዲያ በራሴ ገንዘብ እንድተካም አዘዘ። አንድ ቆርቆሮ ፕሌት ካውንት አጋር (የዚያ ሚዲያ ስም ነው) ስንት እንደሚሸጥ ጠይቀሽ ከሆነ ምን ያህል እንደተቃጠልኩ ይገባሻል።

ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቀር ቴርሞሜትር ተውሼ ከጠርሙሶቹ ጋር ከተትኩት። 117 አነበበ። ወስጄ ሳሳየው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል።» እሺ ብዬ እሱ እያየ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ 93 አሳየ። ሰውየው እንደ ድል ቆጥሮት «ይኸው! ውሃ በ100 ነው የሚፈላው፤ መበላሸቱን በራስህ አረጋገጥክ» አለኝ። የፊዚክስ መምህር አምጥቼ ነው የረታሁት፤ እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀኝም። አንቺ ይህን ሙግት አትግቢ። በየዙሩ ናሙና ያልተጨመረባቸው ባዶ ሳህኖችን ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ ማሳደጊያ የሙቀት ሳጥን) ውስጥ አስቀምጪ፤ ውጤታቸውንም ቀን እየጻፍሽ በፎቶ ያዢ። ወረቀት እንጂ አፍ አያሸንፍም።

(ወተት ለሚያፈሉ እናቶች ግን 93 ዲግሪ ምንም ችግር የለውም። ወተት ፓስቸራይዝ ለማድረግ በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ይበቃል። ይህን የምጽፈው «ጎንደር የፈላ ወተት አይታመንም» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።)

2. ሁሉም ሚዲያ አውቶክሌቭ አይገባም። ለኮሊፎርም (የንጽሕና ጉድለት ጠቋሚ ባክቴሪያዎች) የሚሆነው ቫዮሌት ሬድ ባይል አጋርና ለሳልሞኔላ የሚሆነው ኤክስ.ኤል.ዲ. የተባለው ሚዲያ አፍልተሽ ብቻ ሳህን ላይ የምታፈስሺያቸው ናቸው። አውቶክሌቭ ከገቡ ሌላውን ባክቴሪያ ከልክለው የሚፈለገውን መምረጥ ያቆማሉ፤ አንቺም ምክንያቱን ስትፈልጊ ትከርሚያለሽ።

3. ወተቱንና እርጎውን በአንድ መለኪያ አትለኪ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ለጥሬ ወተት ጠቅላላ የባክቴሪያ ቆጠራ ትርጉም አለው፤ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለጥሬ የላም ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 100,000 ይፈቅዳል። እርጎ ግን ራሱ ባክቴሪያ ነው! ያረጋው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ስለሆነ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ሚሊዮን በላይ ብታገኚ ጤነኛ እርጎ ነው። ይህንን «ከደረጃው አንድ ሺህ እጥፍ በላይ ተበክሏል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሲሟገት ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ፈታኙ «ታዲያ እርጎውን ከምን ይሥሩት?» ሲለው አዳራሹ ሳቀ። በእርጎ ላይ ኢ. ኮላይን (የሰገራ ብክለት ጠቋሚ ባክቴሪያ)፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬስን፣ እርሾና ሻጋታን ፈልጊ፤ የኮምጣጣነት መለኪያውን ፒኤችም ለኪ። «ኮምጣጣ ነው፣ ምንም አይኖርበትም» የሚሉሽን አትስሚ። ስታፊሎኮከስ ወተቱ ሳይኮመጥጥ በፊት ተራብቶ መርዙን ሊጥል ይችላል፤ ባክቴሪያው በኋላ ቢሞት እንኳ መርዙን ማፍላት አያጠፋውም።

4. ናሙናው። የጠዋት ወተት በጠዋት ውሰጂ፤ የወሰድሽበትንና ሳህን ላይ የዘራሽበትን ሰዓት ጻፊ። የበረዶ ጥቅል ከሌለሽ ሃይላንድ ውሃ በረዶ እስኪሆን አስቀዝቅዘሽ በፎጣ ጠቅልለሽ በተራ ማቀዝቀዣ ሳጥን ክተቺው፤ በባጃጅ ከአዘዞ እስከ ከተማ ያደርሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የኢንኩቤተሩ ወለል ላይ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ቀድመሽ ብትደረድሪ ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም።

ናሙና ስል ወተቱን ብቻ አይደለም። ቢጫውን ጀሪካን እይው። መያዣው ጆሮ ውስጡ ክፍት ነው፤ ወተት ይገባበታል፣ እጅና ቡሩሽ ግን አይደርሱበትም። አንዷን ነጋዴ አስፈቅጄ ታጥቦ የደረቀውን ጀሪካን ጆሮ በጥጥ ስጠርገው ቢጫ፣ የሚያዳልጥ፣ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ነገር ይዞ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ወተት የሚፈስሰው እዚያ ላይ ነው። የገጠሯ እናት ቅሏን በግራዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና ነው ወተት የምታስገባበት፤ ጢሱ የባክቴሪያውን ርቢ ያዘገየዋል። የተመረቅነው ሰዎች «ባህላዊ ዕቃ ንጽሕና የለውም» ብለን ስንጽፍ በፕላስቲክ እንድትተካው መከርናት። የእኔ ጥናት ውስጥ ሰው የወደደው ክፍል ይህ ነበር፤ አንቺም የዕቃውን ዓይነት በመጠይቅሽ ውስጥ ካላስገባሽ ቁጥር ብቻ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ተራ ቁጥሩን ከዚህ በኋላ ትቼዋለሁ። የወተት ነጋዴዎች ዝርዝር ለማግኘት ደብዳቤ ትይዢያለሽ። አንዱ መሥሪያ ቤት «ወተት የእኛ አይደለም» ይልሻል፤ ሌላው «ከተሸጠ በኋላ አይመለከተንም» ይልሻል፤ ሦስተኛው ደብዳቤሽን አንብቦ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ብሎ ይመልስሻል። እኔን የመለሰችኝ ጸሐፊ ዓይኗን ከስልኳ አላነሣችም ነበር። ዝርዝሩ በመጨረሻ ሲሰጠኝ ከተመዘገቡት ውስጥ ግማሾቹ ሥራ ለቅቀዋል። ጊዜሽን አታባክኚ፤ ቅዳሜ ገበያ ወርደሽ ወተት ተረካቢዎቹን ከጠየቅሽ ማን ከየት እንደሚያመጣ በቃላቸው ይነግሩሻል። ከግብር ወይም ከቁጥጥር የመጣሽ እንዳይመስላቸው መታወቂያሽን አሳዪ፣ ስማቸውን ሳይሆን ኮድ እንደምትጽፊ ንገሪያቸው፣ ወተቱንም በዋጋው ግዢ። ነጻ ናሙና የሚለምን ተመራማሪ አይወደድም። ከእጃቸው ላይ ናሙና የምትወስጂ ከሆነ ግን የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳትይዢ እንዳትሞክሪው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የጊዜ ሰሌዳሽ። «ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ናሙና እሰበስባለሁ» ብለሻል። ያ ዐቢይ ጾም ነው! 55 ቀን ወተት ገዢው ቀንሶ፣ ሻጩ ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ ሲያዞረው፣ አንቺ ጠርሙስ ይዘሽ ትዞሪያለሽ። አዲስ ዓለም አካባቢ ሙስሊም ደንበኞች ስላሉ ወተት አይጠፋም፤ ግን ከአንድ ሰፈር ብቻ ሰብስበሽ «የጎንደር ከተማ ወተት» ብለሽ ልትጽፊ አትችይም። ረቡዕና ዓርብንም ከሳምንቱ ቀንሺ። ወይ ከፋሲካ በኋላ ጀምሪ፣ ወይ ጾሙንና ፍስኩን አነጻጽሪ፤ ሁለተኛው እንዲያውም የተሻለ ርዕስ ይወጣዋል። አማካሪሽ ሰሌዳውን ሳይፈርምበት በፊት ይህን ንገሪው።