ኤሲኤል ላይ ስለወደቅሽ ኔትዎርክን አትተዪ

ሰላም እህቴ፣

ለኔትዎርክ አድሚን ቦታ የተሰጠሽ የተግባር ፈተና ላይ ኤሲኤል (የትኛው ትራፊክ እንዲያልፍ፣ የትኛው እንዲከለከል የሚወስኑ መስመሮች ዝርዝር) እንዳበላሸሽ ጽፈሽልኛል። የታዘዝሽው የእንግዶቹ ቪላን (ስዊች ላይ ለብቻው የተከፈለ ኔትዎርክ) የፋይናንስ ሰርቨሩን እንዳያገኝ፣ ኢንተርኔት ግን እንዲጠቀም ነበር። አንድ የዲናይ (የመከልከያ) መስመር ጻፍሽ፤ እንግዶቹ ኢንተርኔቱንም አጡ። አሁን «ኔትዎርክን ልተወው ወይስ ከፍዬ ሲሲኤንኤ (የሲስኮን የኔትዎርክ ሙያ ማረጋገጫ) ልፈተን?» ትያለሽ።

አትተዪው። የገጠመሽ ነገር ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሲስኮ ስዊች ላይ የማንኛውም ኤሲኤል መጨረሻ የማይታይ «ሁሉንም ከልክል» አለው። ስዊቹ ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ በገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ያንቺ ዝርዝር የሚፈቅድ መስመር ስላልነበረው ሁሉም ተዘጋ። ከዲናዩ በታች «ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ» (ከየትም ወደየትም ፍቀድ) ብትዪ ይሠራ ነበር።

ይህን ብቻ ሸምድደሽ እንድትሄጂ ግን አልፈልግም። ቀጣሪ የሚፈልገው ትራፊኩ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ ሰው ነው። ኤሲኤሉን የእንግዶቹ ቪላን ኢንተርፌስ (ከቪላኑ ወደ ሌሎች ኔትዎርኮች ማለፊያው) ላይ «ኢን» ብለሽ ስታስገቢ፣ የምታጣሪው ከእንግዶቹ ወደ ስዊቹ የሚገባውን ነው። አሁን በመጀመሪያው «ኤኒ» ፋንታ የእንግዶቹን ኔትዎርክ ብቻ፣ 10.10.20.0 በ0.0.0.255 (በ10.10.20 የሚጀምሩትን አድራሻዎች ሁሉ) ብለሽ ፈቀድሽ እንበል። አድራሻ የያዙት ኮምፒውተሮች ይሠራሉ። አዲስ የመጣው ግን አይፒ አያገኝም፤ የዲኤችሲፒ (የአይፒ አድራሻ ማደያው) ጥያቄው፣ ገና አድራሻ ስለሌለው፣ የሚነሳው ከ0.0.0.0 ነውና። ይህን ሳትጠየቂ ብትናገሪ ፈታኙ ቀና ብሎ ያይሻል። ሌላም አለ፦ አንድ ቪላን ውስጥ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ትራፊኩ በቪላን ኢንተርፌሱ አያልፍም። እነሱን ለመለየት ኤሲኤሉ ፖርቱ ላይ ይገባል፣ ወይም ቪላን ማፕ (ቪላኑ ውስጥ የሚዘዋወረውንም የሚያጣራ) ያስፈልጋል።

ሲሲኤንኤ ጥሩ ነው። 200-301 የተባለው ፈተና ኤሲኤልን በደህንነት ክፍሉ ይጠይቃል፤ ክፍሉ የፈተናው 15 በመቶ ነው። ግን ክፍያው በዶላር ነውና አትቸኩዪ። ፓኬት ትሬሰርን (ኔትዎርክን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም) ከሲስኮ ኔትዎርኪንግ አካዳሚ በነፃ አውርጂና የወደቅሽበትን ፈተና ራሱን ሥሪው። አፍርሰሽ ደግሞ ከባዶ ጀምሪ። በየሙከራው «ሾው አክሰስ ሊስትስ» በይ፤ ከመስመሩ ጎን ስንት ፓኬት እንደገጠመው ይቆጥርልሻል። ማንንም ሳትጠይቂ መሥራት ስትችዪ ያን ጊዜ ክፈዪ።

ሥራ ስትገቢ ደግሞ ከርቀት ኤሲኤል ከመንካትሽ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ማለትን ልመጂ። ራስሽን ውጪ ብትቆልፊ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነስቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ የሚሆነው ግን አዲሱን ሴቭ ካላደረግሽው ብቻ ነው። ከሠራልሽ ሪሎዱን ሰርዢ፣ ከዚያ ሴቭ አድርጊ።

ሲቪሽ ላይም «ኤሲኤል አውቃለሁ» አትበዪ። «የእንግዶችን ቪላን ከፋይናንስ ሰርቨር የሚለይ ኤሲኤል በፓኬት ትሬሰር አዋቅሬ ሞክሬያለሁ» ብለሽ ጻፊ። ጠያቂው ከዚያ ይጀምራል፤ አንቺም ደጋግመሽ የሠራሽውን ታስረጂዋለሽ።