የቻይና አዲስ ዓመት መክሰሶች በቤት ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

እትዬ ሰሊጥ፦ የቻይናዎች አዲስ ዓመት ዘንድሮ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ይውላል፤ ዐቢይ ጾም በገባ ማግስት። ስለ ሦስቱ ጠይቁኝ፦ ሰሊጥ ለብሶ በዘይት ስለሚጠበሰው ጂየንዱይ፣ በእንፋሎት ስለሚበስለው ኒየንጋው፣ ተቀቅሎ ከነውሃው ስለሚቀርበው ታንግዩዋን። የሦስቱም ዱቄት የተጣባቂ ሩዝ ነው።

ብርቱካን፦ ተራውን ሩዝ አስፈጭቼ ብጠቀምስ?

እትዬ ሰሊጥ፦ አይሆንም። የተጣባቂው ሩዝ ስታርች ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን የሚባለው ብቻ ነው፤ የሚለጠጠውም በሱ ነው። ተራው ሩዝ አሚሎስ የሚባል ሌላ ስታርችም ስላለበት ሊጡ ይፈረፈራል። ተጣባቂውን ሩዝ በፍሬው ካገኘሽ አሳድረሽ ዘፍዝፊው፣ ከነውሃው ፍጪው፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ በጨርቅ ቋጥረሽ አንጠልጥይው።

ዮናስ፦ ተጣባቂ ከሆነ ግሉተን አለበት ማለት ነው? ስንዴ ለማይስማማው ሰው ነው የምጠይቀው።

እትዬ ሰሊጥ፦ የለበትም፣ እንደ ጤፍ ነው። ከስንዴ ጋር እንዳልተፈጨ ማሸጊያው ላይ አይተህ ግዛ።

የጓዳ ልጅ፦ እትዬ፣ ጂየንዱይ ዘይት ውስጥ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?

እትዬ ሰሊጥ፦ እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፤ ሰው ፊቱን የሚቃጠልበት ነገር ነው። ለ14 ፍሬ 250 ግራም ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 170 ሚሊ ሊትር ገደማ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል። ስኳሩን በውሃው አሟሚና ጥቂት በጥቂት እየጨመርሽ አቡኪ። ከዚያ የሊጡን ሩብ ቆርሰሽ ጠፍጥፊው፣ በፈላ ውሃ እስኪንሳፈፍ ቀቅይው፣ በትኩሱ ከቀረው ጋር መልሰሽ እሺው። ለእንጀራ አብሲት የምንጥለው ዓይነት ነው፦ የበሰለው ስታርች ውሃውን ይዞ ሊጡን ያያይዘዋል። ይህን የዘለለ ሰው ሊጡ ሲድቦለቦል ይሰነጠቅበታል፤ የሚፈነዳውም ከስንጥቁ ነው።

አንዱን ፍሬ 35 ግራም አድርጊ፣ ውስጡ 15 ግራም ይግባ። ውስጡ ተቀቅሎ ከተፈጨ በኋላ በስኳርና በዘይት እስኪደርቅ የተማሰለ ቀይ ቦሎቄ ወይም ተቆልቶ ከስኳር ጋር የተወቀጠ ለውዝ ይሁን። እርጥብ ከሆነ እንፋሎት ይሠራል፤ ቆዳው ደግሞ ተጣባቂ ስለሆነ መውጫ አይሰጠውም፣ ድንገት ነው የሚቀደደው። ስትዘጊው አየር አታስቀሪበት።

ዘይቱ 130 ዲግሪ ሲደርስ ክተቺ። ቴርሞሜትር ከሌለሽ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ንከሪበት፤ ትንንሽ አረፋ ቀስ እያለ ከወጣ ደርሷል። 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲንሳፈፍ እሳቱን ወደ 160 አሳድጊና እያንዳንዱን በጭልፋ ከድስቱ ግድግዳ ጋር እያገላበጥሽ በቀስታ ተጫኚው። የሚነፋውና ውስጡ ባዶ የሚሆነው ያኔ ነው። በጠቅላላው ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ከ180 ዲግሪ ማለፍ የለበትም፦ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ይታመቃል። ቀድመሽ ካወጣሽው ደግሞ ቆዳው ስላልጸና ተጨማዶ ይቀመጣል።

ሰላም 21፦ ሰሊጡ ዘይቱ ውስጥ እየረገፈ ያስቸግራል።

እትዬ ሰሊጥ፦ ድቡልቡሉን ውሃ ነክረሽ አውጪ፣ ሰሊጥ ላይ አንከባልይው፣ ከዚያ በመዳፍሽ መካከል ደግመሽ አድቦልቡይው። ይህን ሁለተኛውን ነው ሰው የሚዘለው። ሰሊጡ ያልተቆላ ነጭ ይሁን፤ የተቆላው ያርራል። የሁመራ ሰሊጥ እጅግ ጥሩ ነው። የኢትዮጵያን ሰሊጥ ለዓመታት በብዛት የገዛችው ቻይና ናት፤ በእጃችን ያለውን ሌላ አገር አትፈልጉ።

አቤል፦ ሁሉንም ደረጃ በደረጃ ብትነግሪን?

እትዬ ሰሊጥ፦ የትኛውን? የምትሠራውን ለይተህ ጠይቅ።

ሐረግ፦ ታንግዩዋንና ዩዋንሺያው አንድ ናቸው አይደል?

ማር ወለላ፦ አንድ ናቸው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።

ዮናስ፦ አይደሉም። ዩዋንሺያው የሰሜን ቻይና ነው፦ ውስጡን ኩብ አድርገው ይቆርጡና ውሃ እያስነኩ ደረቅ ዱቄት ላይ በሰፌድ ያንከባልሉታል። የደቡቡ ታንግዩዋን በተቦካ ሊጥ ይጠቀለላል።

ማር ወለላ፦ ተቀቅሎ ሳህን ላይ ሲቀርብ ማን ይለየዋል?

ዮናስ፦ የሰሜኑ ላዩ ሻካራ ነው፣ መቀቀያውንም ያደፈርሰዋል። ቀመሽ ሰው ይለያል።

እትዬ ሰሊጥ፦ ዮናስ ልክ ነው፤ እዚህ ላይ ይብቃ። የሚበላው በ15ኛው ቀን፣ በፋኖስ በዓል፣ ዘንድሮ የካቲት 24 ነው። ለጾመኛ መጠንቀቅ ያለባችሁ ውስጡን ነው፦ በቻይናዋ ከተማ በኒንግቦ ጥቁር ሰሊጡ በአሳማ ስብ ይለወሳል። በምትኩ ለ100 ግራም ተቆልቶ ለተፈጨ ሰሊጥ 60 ግራም ስኳርና 60 ግራም የኮኮናት ዘይት ለውሱ። ዘይቱ በ24 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድርቃችሁ በፍጥነት ጠቅልሉ። ደግሞም በረዶ የሆነ ታንግዩዋን የጋለ ዘይት ውስጥ እንዳትከቱ፤ ይፈነዳል።

ጽጌ፦ ኒየንጋው አዲስ አበባ ላይ 1 ሰዓት ቆይቶም መሃሉ ነጭ ይቀራል።

እትዬ ሰሊጥ፦ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እንፋሎቱ ደካማ ነው። ለ400 ግራም ዱቄት፣ 300 ግራም ቡናማ ስኳርና 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢያንስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ስጪው። ስኳሩን በሙቅ ውሃ አሟሚና ለብ ሲል ከዱቄቱ ጋር ደባልቂ፣ በወንፊት አጥልይ፣ ዘይት በተቀባ ዕቃ ጨምሪው። ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልይ፣ ጠብታው ላዩን ያበላሸዋል። ውሃ ስትጨምሪ የፈላ ይሁን። ሳያድር አትቁረጪው፣ ቢላው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በማግስቱ 1 ሳንቲ ሜትር ቆርጠሽ ጥበሺው፤ ቻይናዎች እንቁላል ያስነኩታል፣ ጾመኛ ባዶውን በጥቂት ዘይት።

አቤል፦ ዩዌቢንግስ?

እትዬ ሰሊጥ፦ እሱ የጨረቃ ኬክ የሚባለው ነው፤ የሚበላው በመኸር በዓል፣ በ8ኛው የጨረቃ ወር ነው። ያኔ ጠይቁኝ።

ሄኖክ፦ እትዬ፣ ከሱቅ የተገዛ በረዶ የሆነ ታንግዩዋን ብጠብሰው ጂየንዱይ አይሆንልኝም?

እትዬ ሰሊጥ፦ አይሆንም ብያለሁ፣ ከላይ አንብብ። በፈላ ውሃ ውስጥ ክተተው፣ ከድስቱ እንዳይጣበቅ በቀስታ አማስለው፣ ሲንሳፈፍ ሌላ 2 ደቂቃ ቆይተህ አውጣው። ለልጆችና ለአዛውንት በትንንሹ ቁረጥላቸው፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል።