የቡና ፍሬ በስልክ ሲነሳ ለምን ይደበዝዛል?

የቆላኸው ቡና ፎቶው ላይ የሚደበዝዝብህ በጣም ስለተጠጋህ ነው። የብዙ ስልክ ዋና ካሜራ ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት አጥርቶ አያይም። ራቅ በልና ዙሙን 2 አድርገው፤ ፍሬው ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ትኩረቱ ሲቆለፍ አንሳ። ፍላሹን አጥፋ። የጠዋት ብርሃን በበሩ በኩል ከጎን ሲመጣ መሃል ስንጥቁና ውስጡ የቀረው ስስ ገለባ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ዓይንህን ለማለማመድ ሌላ ምን እንደምታነሳ ለጠየቅኸው፣ አዲስ ዕቃ አትፈልግ። ጅማ ውስጥ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይጠፋም፤ እሱኑ 10 ጊዜ አንሳው። እኔ የመጥረቢያውን ፈለግና መቀመጫው የተወለወለበትን ቦታ ያየሁት ከስድስተኛው በኋላ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ስልኩን ከሚተን ስኒ በላይ አትያዝ። ሌንሴ ላብ መያዙን ሳላይ ከአቦል እስከ በረካ ያነሳሁት ሁሉ ጉም ሆኖ ቀርቶብኛል።