አያት ተከራይቶ ሜክሲኮ መሥራት፦ ባቡሩ ብቻውን ይበቃል?

አያት አካባቢ ቤት ተከራይተው ሜክሲኮ ላለው ሥራዎ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ብቻ መመላለስ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ውል ከመፈረምዎ በፊት ከቤቱ በር እስከ ጣቢያው በእግርዎ ይሂዱ። ሐዲዱ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በአውራ ጎዳናው መካከል፣ በአጥር ተከልሎ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት እየታየዎት መሻገሪያ ፍለጋ ሊዞሩ ይችላሉ። ለእኔ የዚህ ባቡር ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

አያት መነሻ ጣቢያ መሆኑ ይጠቅምዎታል። ጠዋት መቀመጫ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በመንገዱ ላይ ባለው መገናኛ ጣቢያ የሚጠብቀው ሰው ግን በሩ ሲከፈትለት ከውስጥ የሚያየው ጀርባ ብቻ ነው። በርካታ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ስለወጡ መጨናነቁ ብሷል።

መስመሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመገናኛ የታክሲ ሰልፍ ያጥራል ብለን ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ቦሌም ኮተቤም አይደርስምና የሚወርደው ተሳፋሪ ተመልሶ ታክሲ ይሰለፋል። ለታክሲዎቹ ገበያ ሆነላቸው እንጂ አልቀነሰባቸውም።

ማታ ሲመለሱ ይጠንቀቁ፦ ከስታዲየም እስከ ልደታ የአያቱና የቃሊቲው መስመሮች ሐዲድ ስለሚጋሩ ሜክሲኮ ላይ የቃሊቲውም ባቡር ይቆማል። መድረሻውን ሳያነቡ አይሳፈሩ። ለሚዘገይበት ቀን ደግሞ የታክሲ ሂሳብ ኪስዎ ውስጥ ይኑር።