ሞዴል ላይ 271 አመጣሁ፤ አባዬ ገና አያውቅም

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። መጽሔቱን እናቴ ቤት ስታመጣው የእርስዎን አምድ ሳላነብ አላድርም። እኔ የ12ኛ ክፍል የናቹራል ተማሪ ነኝ፤ ሰፈሬ አባይ ማዶ ነው። እስከ 9ኛ ክፍል ድረስ ከአንድ እስከ ሦስት እወጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ሂሳብና ፊዚክስ እየከበዱኝ መጡ። አሁን የትምህርት ቤታችን የሞዴል ፈተና ውጤት ተለጠፈ፤ ከ600 271 አመጣሁ። ሂሳብ 34 ነው። አባዬ ሲጠይቀኝ "ገና አልተለጠፈም" አልኩት፤ ወረቀቱን ደብተሬ ውስጥ ደብቄዋለሁ።

አባዬ ግንበኛ ነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ያመጣውን ለአስጠኚ ይከፍልልኛል፣ ለጎረቤቱም ሁሉ "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" ይላል። ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ "ሞዴሉ እንዴት ሆነ?" ይለኛል። የአክስቴ ልጅ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ኢንጂነሪንግ ስለሚማር በሆነው ባልሆነው ከእሱ ጋር ያወዳድሩኛል። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አጠናለሁ፣ 12 ሰዓት እነሳለሁ፣ ግን ያነበብኩት አይያዝልኝም። ፈተና ላይ ወረቀቱን ስገልጥ እጄን ያልበኛል፣ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል። ጓደኛዬ "ቅጠል ብትቅሚ ሌሊቱን ሙሉ ታነቢያለሽ" ትለኛለች። አንዳንዴ ጠፍቼ ብሄድ ሁሉም ይገላገላል ብዬ አስባለሁ። ምን ላድርግ?

ውጤቷን የደበቀችው፣ ከባህር ዳር

መልስ

ልጄ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። "ጠፍቼ ብሄድ ሁሉም ይገላገላል" ያልሽው ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ከቤት መውጣት ማለትሽ ይሁን ከዚህ ዓለም፣ ይህን ሐሳብ ብቻሽን ይዘሽ አትደሪ። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ለእናትሽ፣ ለአክስትሽ፣ ለምታምኛት መምህር። ሐሳቡ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ ወይም ራስሽን ስለመጉዳት ካሰብሽ ደግሞ ሰው ይዘሽ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሂጂ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከእሱ በፊት የሚቀድም ፈተና የለም። ማንም ቤትሽ ውስጥ ባንቺ መጥፋት አይገላገልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እንቅልፍ እየነሳሽ ያለው ከ271ዱ ይልቅ መደበቁ ይመስለኛል። አባትሽ ማታ በሩን ሲያንኳኳ ፊትሽን ታስተካክያለሽ፣ ጎረቤት ሲመጣ ሌላ መልስ ታዘጋጃለሽ፣ ጓደኛሽ አፏ እንዳያመልጣት ትጨነቂያለሽ፣ ደብተርሽን ሰው ሲያነሳ ልብሽ ድው ይላል፤ ይህ ሁሉ ጉልበት ነው፣ ለፊዚክስ ሊውል የሚችል ጉልበት። ደግሞም ውጤት ተደብቆ አይቀርም። ከመምህር ወይም ከሌላ ልጅ አፍ ቢሰማው የሚያምመው ቁጥሩ ሳይሆን ውሸቱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ንገሪው። ከሥራ ደክሞ እንደገባ አይሁን። እራቱን ይብላ፣ እግሩን ይታጠብ፣ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቂ። እናትሽ ቀድማ ብታውቅና አጠገብሽ ብትቀመጥ ደግሞ ጥሩ ነው። ብዙ አታብራሪ፣ በመምህርም አታሳብቢ። "አባዬ፣ የሞዴሉ ውጤት መጥቷል። 271 ነው። ለማለፍ ሃያ ዘጠኝ ይጎድለኛል። እንዳታዝን ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ" ብለሽ ወረቀቱን ስጪው። ሊቆጣ ይችላል። ዝም ሊልም ይችላል፤ ዝምታው ከቁጣው ሊብስብሽ ይችላል። ቢሆንም ያ ምሽት ያልፋል፣ ከማግስቱ ጀምሮ ቤትሽ ውስጥ በነፃነት ትተነፍሻለሽ።

ቁጥሩን ደግሞ አብረን እንየው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ከ600 300 ማለት ነው። የጎደለሽ 29 ነጥብ ለስድስቱ ትምህርት ሲካፈል በእያንዳንዱ አምስት እንኳ አይሞላም። በእያንዳንዱ ትምህርት ጥቂት ጥያቄ ብቻ ማለት ነው። ሕክምና ለመግባት 300 እንደማይበቃ ግን አልደብቅሽም። እሱን ወደፊት እናየዋለን፣ አሁን የሚያስፈልግሽ መጀመሪያ ድልድዩን መሻገር ነው።

አንቺ ብቻ የሰነፍሽ መስሎሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ስሚ። በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሳያልፍ ሲቀር ሁሉም ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም። የእናንተ ዕድሜ ልጆች ምን እንዳሳለፋችሁ እናውቃለን። በመጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያም በክልላችን በተነሳው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ያኔ የተዘለለ ምዕራፍ ነው ዛሬ ሂሳብ ላይ 34 ሆኖ የሚመጣው። ይህን የምልሽ እጅሽን አጣጥፈሽ እንድትቀመጪ አይደለም። ክፍተቱ ያለው ጭንቅላትሽ ውስጥ ሳይሆን ምዕራፉ ላይ መሆኑን እንድታውቂ ነው፤ ምዕራፍ ደግሞ ይደረስበታል።

ሳይሞላ ቢቀርም በሩ አይዘጋም። ትምህርት ሚኒስቴር በየጊዜው የሚወስነውን ነጥብ ያመጡ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሪሚዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይማራሉ። በግል ድጋሚ መፈተንም አለ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፣ ሙያ ተምረው ራሳቸውን የቻሉ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። እነዚህን መንገዶች ከአባትሽ ጋር አሁን ተነጋገሩባቸው። ሌላ መንገድ እንዳለ ያወቀ ሰው ፈተና ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ቢንቀጠቀጥም ያነሰ ነው።

ፈተና ላይ የሚጠፋብሽ ነገር ደግሞ ምክንያት አለው። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያሰላስለው ትንሽ ነገር ነው። "ብወድቅስ? አባዬስ ምን ይላል?" የሚለው ሐሳብ ያችን ጠባብ ቦታ ሲይዛት ለስሌቱ የሚተርፍ አይኖርም። ያጠናሽው ሳይጠፋ እዚያው አለ፣ መውጫ አጥቶ ነው። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ጭንቀታቸውን ወረቀት ላይ የጻፉ ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሽሏል፣ በተለይ ፈተና የሚያስጨንቃቸው። አንቺም ሞክሪው። አገር አቀፉ ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሆነ የሚሰጠው ጠዋት ከዶርም ሳትወጪ የፈራሽውን ሁሉ ጻፊ፣ አባዬን፣ ጎረቤቱን፣ የአክስትሽን ልጅ፣ ሁሉንም። ከዚያ ቀደሽ ጣይው። ፈተናውን ስትገልጪ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር ግብግብ አትግጠሚ፤ የምታውቂውን እየመረጥሽ ሥሪ፣ የከበደሽን ምልክት አድርገሽ እለፊው፣ በኋላ ተመለሺበት። እጅሽን ሲያልብሽ እርሳሱን አስቀምጪና ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ፣ ካስገባሽበት ረዘም አድርገሽ አውጪ። ይህን ቤት ውስጥ ሰዓት እየያዝሽ ደጋግመሽ ተለማመጂው፣ የዚያን ቀን አዲስ እንዳይሆንብሽ።

ቅጠሉን ተይው። ይህን በግልጽ ነው የምነግርሽ። ጫት በአካባቢያችን የሚበቅል፣ በየመንገዱ የሚሸጥ ስለሆነ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ስንት ጎበዝ ልጅ "ለጥናት ብቻ" ብሎ ጀምሮ ያለ እሱ ደብተር መግለጥ አቅቶታል። ምርቃናው ላይ ሁሉም የገባሽ ይመስልሻል። ሲበርድ ድብርት ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ልብሽ ይመታል። አንቺ ደግሞ አሁኑኑ ልብ የሚመታብሽ፣ እጅ የሚያልብሽ ልጅ ነሽ፤ በእሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ፈተናው ግቢ ውስጥ ደግሞ ቅጠል የለም። በቅጠል ያጠናሽውን ያለ ቅጠል ልትፈተኚው ነው? ጓደኛሽን አትጣያት፣ እሷም ጨንቋት ነው፣ ግን እምቢ በያት።

ያነበብሽው የማይያዝልሽም ስለማትተኚ ነው። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ አንቺ የምትተኚው ለአራት ሰዓት ብቻ ነው። ቀን የተማርነው ስር የሚይዘው ሌሊት ስንተኛ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ተኚ፣ ንጋት 12 ሰዓት ተነሺ። ሰዓት የቀነስሽ መስሎሽ ትደነግጫለሽ፣ ሁለት ሳምንት ታገሺው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ከእናትሽ ወይም ከጓደኛሽ ጋር ወጣ በሉ፣ አዲሱን ድልድይ ተሻግራችሁ እስከ ጣና ዳር ደርሳችሁ ተመለሱ። ውጤት የሚባል ነገር ግን አይነሳ።

አጠናንሽን ለውጪ። ደጋግሞ ማንበብና በቀለም ማስመር ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። አንድ ርዕስ አንብበሽ መጽሐፉን ዝጊውና የያዝሽውን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ከዚያ ገልጠሽ አመሳክሪ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሺበት። የሞዴሉን ወረቀት ደግሞ ከደብተሩ አውጪና የሳትሻቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለያቸው። የትኛውን ጨርሶ አልተማርሽውም? የትኛውን እያወቅሽ በጥድፊያ ሳትሽው? የትኛው ላይ ሰዓት አለቀብሽ? ሂሳብ ላይ አብዛኛው ያልተማርሽው ሆኖ እንደምታገኚው እገምታለሁ፣ ምናልባትም ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል የቀረ። ያንን ዝርዝር ለአስጠኚሽ ስጪውና "ከዚህ እንጀምር" በይው። አዲስ ነገር ላይ አዲስ ነገር እየከመረ ከሆነ ገንዘቡም ሰዓቱም ባክኗል። ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎችም ሥሪ፣ መልሱን ሳታዪ። ባዮሎጂ የምትጎብዢ ከሆነ ሂሳብ የሚችል ልጅ ፈልጊና ተጠናኑ። መብራት ሲጠፋም በቃል ተጠያየቁ።

ለጎረቤት ደግሞ የውጤት ሪፖርት የማቅረብ ግዴታ የለብሽም። "እየተዘጋጀሁ ነው፣ ይጸልዩልኝ" ብለሽ ስኒውን አንሺ።

የሚከተለውን አባትሽ ያንብቡት።

ወንድሜ፣ ልጅዎ ውጤቷን የደበቀችው ድካምዎን ስለምታይ ነው። የሚከፍሉላት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች፣ ፀሐዩንም ታውቃለች፣ ስለዚህ እያንዳንዱ የተሳሳተ መልስ ከእርስዎ ላብ የተቀነሰ ሆኖ ይሰማታል። እባክዎ እስከ ፈተናው ድረስ ስለ ክፍያው አያንሱባት። "ሐኪም ልትሆን ነው" የሚለውንም ለጊዜው ይተዉት፤ ለፍቅር ብለው ቢሉትም እሷ ላይ ሸክም ሆኗል። ማታ ሲገቡ "ስንት አመጣሽ?" ከሚሏት "ዛሬ የከበደሽ ምን ነበር?" ይበሏት፣ መልሱ ባይገባዎትም ይስሟት። እርስዎ ግንበኛ ነዎት፤ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ላዩ ላይ ቢደረድሩበት ግድግዳው ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ፣ ለእሷም እንቅልፍ እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እሷ አልጻፈችውም፣ እኔ ግን ብዙ ቤት አየዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቡና የምታፈላው፣ እቃ የምታጥበው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው እሷ ከሆነች እስከ ፈተናው ወንዶቹም ይካፈሉላት። ለአንድ አስጠኚ ከሚከፍሉት በላይ ይጠቅማታል።

ጥያቄ

ልጄ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ክልላዊ ፈተና ደርሶበታል። ኳስና ስልክ አእምሮውን ወሰዱት። ሁለቱንም ልከልክለው አስቤአለሁ፣ ምን ይሉኛል?

አንዲት እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ

እህቴ፣ ኳሱን አይከልክሉት። ሰዓት ይወስኑለት፣ መጀመሪያ የቤት ሥራው ይለቅ፣ ከዚያ ይጫወት፤ ሲሮጥ የዋለ ልጅ እንቅልፉም ጥሩ ነው፣ ጭንቀቱም ይቀልለታል። ስልኩ ግን ሌላ ነገር ነው። በጥናት ሰዓት ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላም አልጋው ጋ አይደር። የእርስዎንም ስልክ አብረው ያስቀምጡት፣ ያኔ ክርክሩ ያጥራል። ፈተናው እስኪያልቅም ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩት።